ባለቤቱ ሰፈሩ የሆነ መደብር፦ ዲትሮይት ፒፕልስ ፉድ ኮኦፕ

ሐሙስ ሐሙስ የአስቤዛ ቀናችን ነው። እኔና እማማ ዉድዋርድ መንገድ ላይ የሚሄደውን 4 ቁጥር አውቶብስ ይዘን እንወጣለን። እማማ የምላቸው በሥራዬ የምንከባከባቸውን እናት ነው። 82 ዓመታቸው ነው። ዲትሮይት ተወልደው ዲትሮይት ያረጁ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እዚህ አገር ትልቅ ሰውን በስሙ መጥራት ነውር አይደለም፤ የኔ አፍ ግን እምቢ አለ። "እማማ" ማለት ምን እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ ደግሞ በሌላ ስም ብጠራቸው ይቆጡኛል።

የምንሄደው ዉድዋርድ 8324 ላይ፣ ኖርዝ ኤንድ ሰፈር ወዳለው ዲትሮይት ፒፕልስ ፉድ ኮኦፕ ነው። በሜይ 2024 ነው የተከፈተው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) የማውቃቸው ሐበሾች ስለዚህ መደብር ስነግራቸው ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ይረክሳል ወይ?" ስለ ዋጋው እመጣለሁ። ከዋጋው በፊት የሚነገር ነገር ስላለ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

ይህ መደብር የአንድ ሰው አይደለም። የኩባንያም አይደለም። የአባላቱ ነው። የሚሺገን ነዋሪ የሆነ አዋቂ ሰው አንድ ጊዜ 200 ዶላር ከፍሎ አባል ይሆናል። በአንዴ መክፈል የከበደው በየወሩ ከፋፍሎ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ ነው። ዶክተርም ሁን፣ በፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ በሚሰጠው ድጎማ) የምትኖር ጡረተኛ ሁን፣ ቦርዱን ስትመርጥ ድምፅህ እኩል ነው። አባል ያልሆነም ገብቶ ይገዛል፤ በሩ ላይ "ካርድህ የት አለ" የሚልህ የለም።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። ሸማቾች ማለት እኮ ይኸው ነው። እኔ ስኳርና ዘይት መጣ በተባለ ቁጥር እናቴ ፌስታል አስይዛ ሰልፍ የምትልከኝ ልጅ ነበርኩ። ግን የኛ ሰፈር ሸማቾች የማን ነው ብትሉኝ "የቀበሌ" ነበር የምላችሁ። የእናቴ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። የዲትሮይቱ ሲከፈት ከ2000 በላይ ሰው አስቀድሞ መዋጮውን ከፍሎ አባል ሆኖ ነበር። ብዙዎቹ ሱቅ ሳይኖር፣ ግድግዳ ሳይቆም፣ ዓመታት ጠብቀው። ሕንፃው ወደ 22 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈጀው፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ከመዋጮ አልመጣም፤ ብድርም እርዳታም አለበት። እንደ እቁብ ቀድመው ያዋጡት ሰዎች ባይኖሩ ግን ማን አምኖ ያበድር ነበር?

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ይህ መደብር ለምን ሆዴን እንደነካው ያለዚያ አይገባችሁም።

አሜሪካ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ያለች ሱቅ ነበረች። እዚህ ሚሺገን እንዲህ ዓይነቷን ሱቅ "ፓርቲ ስቶር" ይሏታል። ጥይት በማይበሳው ወፍራም መስታወት ጀርባ ቆሜ ነበር የምሸጠው። መስታወቱ ሥር የሚሽከረከር ሳጥን አለ። ደንበኛው ብሩን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። አዞረዋለሁ። እቃውን አስቀምጬ መልሼ አዞረዋለሁ። ሁለት ዓመት ስሠራ የደንበኛ እጅ ነክቼ አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማታ ማታ ይመጣሉ። ወተት ይጠይቁና "ልጄ፣ ቀኑን አንብቢልኝ" ይሉኛል። ካርቶኑን መስታወቱ ላይ አስጠግቼ አሳያቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንድ ቀን ሳየው አራት ቀን አልፎበታል። "አልፎበታል አባቴ" አልኳቸው። አሠሪዬ ከኋላ ሰማኝ። "ሌላ የለንም። የሚገዛ ይግዛ" አለኝ። ሽማግሌው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ብራቸውን ከሳጥኑ ላይ አንስተው ወጡ። በእግር የሚደረስ ሌላ ወተት የሚሸጥ ቦታ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። እኛ ሱቅ ሲጋራ ነበር። ቢራ ነበር። ሎተሪ ነበር። ቺፕስ በግድግዳ ሙሉ ነበር። ሙዝ ግን አልነበረም።

ያኔ "ሥራ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። በዚሁ በዉድዋርድ መንገድ ወደ ሰሜን ብትነዱ ነጮች የሚበዙባት በርሚንግሃም ትደርሳላችሁ። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው። እዚያ ግን ከእንዲያ ያለ መስታወት ጀርባ ወተት ሲሸጥ አይቼ አላውቅም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ታሪክ አለው። ዲትሮይት በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ 639,000 ገደማ ቀርቷል፤ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ጥቁር ነው። ነጩ ወደ ዳርቻው ከተሞች ሲወጣ የምግብ መደብሮቹም አብረው ወጡ። ፋርመር ጃክ የሚባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የመደብር ሰንሰለት በ2007 ሲዘጋ ይህን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ከተማ አንድም ትልቅ የምግብ ሰንሰለት አልቀረውም። ሆል ፉድስና ማየር የመጡት በ2013 ነው። በመሐሉ ሰዉ ጦሙን አደረ ማለት አይደለም፤ ግለሰቦች የያዟቸው ግሮሰሪዎች ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ጥሩ ነበሩ። መኪና የሌለው ሰው ግን በአቅራቢያው ያገኘውን ነበር የሚበላው።

እማማ ደግሞ ከዚያ የራቀውን ያስታውሳሉ። ልጅ ሆነው ያደጉት ብላክ ቦተም ነው። ጥቁሮች ሌላ ቦታ ቤት እንዳይገዙ በባንክና በውል ተከልክለው የተጨናነቁበት ሰፈር ነበር። ሄስቲንግስ መንገድ ላይ ሥጋ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ የራሳቸው የጥቁሮቹ ነበር ይሉኛል። ከዚያ የክራይስለር ፍሪዌይ መጣና መንገዱን በላው። እማማ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ዛሬ በመኪና ስናልፍ አስፋልቱን እያሳዩኝ "እዚህ ጋ ዶሮ እንገዛ ነበር" ይላሉ።

እናታቸው የቤት እመቤቶች ሊግ አባል ነበሩ። እኔ ስለዚህ ሊግ የሰማሁት ከእማማ ነው። ፋኒ ፔክ የሚባሉ የቄስ ባለቤት በ1930 ሃምሳ ሴቶችን ሰብስበው ዲትሮይት ውስጥ ጀመሩት። ቃላቸው ቀላል ነበር፤ ገንዘባችን ባለቤቱ ጥቁር ወደሆነ ሱቅና ጥቁር ወደሚቀጥር ሱቅ ይሄዳል። በአራት ዓመት ውስጥ 10,000 ሴቶች ገቡበት። አስቡት፣ በዚያ የድህነት ዘመን። የቤቱን አስቤዛ የምትገዛው ሴቷ ናት፤ ኃይሏ የት እንዳለ ገብቷት ነበር። ስለዚህ ሰዎች ኮኦፑን "አዲስ ሐሳብ" ሲሉት እማማ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እንግባ።

መደብሩ የሕንፃው ምድር ወለል ላይ ነው። ብርሃን አለው። አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ የታሸገ እቃ፣ በስሎ የተዘጋጀ ምግብም አለ። ኦርጋኒክ የሚባለውም፣ ተራውም ጎን ለጎን ነው። ይሄ ደስ ይለኛል፤ ኦርጋኒክ ብቻ የሚሸጥ መደብር ለኔ ዓይነት ሰው ሙዚየም ነው። መስታወት የለም። ካሸሩ እጅህ ላይ ነው መልስ የሚያስቀምጥልህ።

እማማ ጎመን ሲመርጡ ልንገራችሁ። ኮላርድ ግሪን የሚሉት የኛው ጎመን ዘመድ ነው። እማማ ጋሪውን ያቆማሉ። ዱላቸውን እጀታው ላይ ያንጠለጥላሉ። መነፅራቸውን ከግንባራቸው ያወርዳሉ። አንዱን እስር ያነሱና መጀመሪያ ይገለብጡታል። ቅጠሉን አይደለም የሚያዩት፤ ግንዱ የተቆረጠበትን ነው። ደርቆ ቡናማ ከሆነ ይመልሱታል። ነጭና እርጥብ ከሆነ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። ቀጥሎ አንድ ቅጠል መሐሉ ላይ በሁለት ጣት ያጥፋሉ። ቀጭ ካለ ጋሪ ውስጥ ይገባል። ዝም ብሎ ከታጠፈ አይገባም። እናቴ ሾላ ገበያ ላይ ልክ እንደዚህ ነበር የምታደርገው። ሻጯ "ኧረ እማማ፣ ጎመኔን ጨረስሽው!" ትላት ነበር።

እሳቸው ይህን ሲያደርጉ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ አሥር ደቂቃ ውስጥ ማንም አይከተላቸውም። "ይሄ ምን ይገርማል?" ትሉ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ያለ ትልቅ መደብር ሄደን ጥበቃው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲከተለን ነበር። በዱላ የሚሄዱ የ82 ዓመት ሴት! እማማ ማንም ሳይጠይቃቸው ካሸሩ ጋ ሲደርሱ ቦርሳቸውን ከፍተው አሳዩት። እጃቸው የለመደው ነገር ነበር። እኔ አውቶብሱ ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጡኝ።

ኮኦፑ ውስጥ እማማ ሌላ ሰው ናቸው። ሠራተኛውን ጠርተው "ይሄ ከየት ነው የመጣው? ማን ነው ያበቀለው?" ይላሉ። ድምፃቸው ከፍ ይላል። ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ የሚናገሩበት ድምፅ ነው።

ማን ነው ያበቀለው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። መደብሩን ከኋላ ሆኖ ያዋለደው ዲትሮይት ብላክ ኮሚዩኒቲ ፉድ ሶቨሪኒቲ ኔትወርክ የሚባል ድርጅት ነው። በ2006 ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ማሊክ ያኪኒ ቀድሞ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ከተማው በአብዛኛው ጥቁር ሆኖ ሳለ ስለ ከተማው ምግብ የሚወስኑት፣ የከተማ እርሻውን እንኳ የሚመሩት፣ ሌሎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መሬት ያዙ። ሩዥ ፓርክ ውስጥ ዲ-ታውን ፋርም የሚባል 7 ኤከር እርሻ አላቸው፤ ሦስት ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው። ከእርሻው ወደ መደብር ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

ጥቁር ገበሬ የሚለው ቃል ራሱ እዚህ አገር ብርቅ ሆኗል። በ1920 አሜሪካ ውስጥ 925,000 ያህል ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ ከሰባት ገበሬ አንዱ ማለት ነው። ዛሬ ከ50,000 በታች ናቸው። እርሻውን የተዉት ሰንፈው አይደለም። ለነጩ ገበሬ የሚፈቀደው የመንግሥት ብድር ለነሱ ይዘገያል ወይ ይከለከላል፤ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ብድር ደግሞ ምን ያደርጋል? እኛ አገር ማዳበሪያ ዘግይቶ ሲመጣ ገበሬው የሚሆነውን የሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ጢሞቲ ፒግፎርድ የሚባሉ የሰሜን ካሮላይና ገበሬ ከሌሎች ጋር ሆነው የግብርና ሚኒስቴሩን ከሰሱ። በ1999 ስምምነት ተደርሶ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተከፈለ። የሄደው መሬት ግን አልተመለሰም። እማማ ጎመኑን ማን እንዳበቀለው ሲጠይቁ በእግረ መንገድ የአያታቸውን የአላባማ እርሻ እየጠየቁ ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ቃል ገብቻለሁና።

በርካሽነቱ ብቻ የምትመርጡት መደብር አይደለም። አንድ ብቻውን የቆመ ማኅበር ከአከፋፋይ የሚገዛው በካርቶን ነው። በመቶ የሚቆጠር ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት በኮንቴነር ይገዛል። ዘይት፣ ሩዝ፣ ሳሙና የመሰለውን ሁሉ ከነሱ እኩል እንዲሸጥ መጠበቅ አይቻልም። እኔ ራሴ ሩዝና ዘይቱን በጆንያና በጀሪካን የምገዛው ሌላ ቦታ ነው፤ ጤፍና ሽሮ ደግሞ ከሐበሻ ሱቅ። ኮኦፑ ውስጥ ጋሪዬን የምሞላው በአትክልቱና በሥጋው ነው። ብሪጅ ካርድ፣ ማለትም የሚሺገኑ ፉድ ስታምፕ ካርድ፣ ይሠራል። በፉድ ስታምፕ የምትኖሩ ደግሞ ቅዳሜ ኢስተርን ማርኬት መሄድን አትተዉ፤ ደብል አፕ ፉድ ባክስ የሚባለው ፕሮግራም ለአትክልትና ፍራፍሬ ያወጣችሁትን የካርድ ዶላር ያጥፍላችኋል። ይህ ነገር የተጀመረው እዚሁ ዲትሮይት በ2009 ነው፤ ዛሬ በብዙ ስቴቶች አለ። እኔም እማማም ሁለቱንም እንጠቀማለን።

ፎቁ ላይ ደግሞ ሊያመልጣችሁ የማይገባ ነገር አለ። ለምግብ ነጋዴዎች የሚከራዩ ኪችኖችና የመሰብሰቢያ አዳራሽ አሉ። በርበሬ ቤቷ አዘጋጅታ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ በስልክ የምትሸጥ ሐበሻ ሴት ስንት ናት? ወደ መደብር ለማስገባት ስትፈልግ የሚያቆማት ፈቃድ ያለው ኪችን ማጣት ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ። አንዷ ጓደኛዬ እያሰበችበት ነው፤ እኔም እየጎተጎትኳት ነው።

የኛን ሰው ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። መስታወት ጀርባ የቆምኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በሌላ ከተማ የሚኖር ዘመዴ እንደዚያ ያለ ሱቅ አለው። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ሱቅ ነው። መስታወቱን እሱ አላስገባውም፤ ሲገዛው ነበረ። ባለፈው ስንደዋወል "ለምን ሙዝና ካሮት አታስገባም?" አልኩት። "ይበላሽብኛል እህቴ" አለኝ። እውነቱን ነው። አትክልት የሚያመጡለት ትልልቅ አከፋፋዮች ከተወሰነ መጠን በታች ካዘዝክ መኪናቸውን አያቆሙልህም። ቺፕስ የሚያመጣው ድርጅት ግን ራሱ መጥቶ፣ ራሱ ደርድሮ፣ ያልተሸጠውን ራሱ ይዞ ይሄዳል። ቺፕሱ ወር ይቆያል፤ ሙዙ አራት ቀን። ዘመዴ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የሰፈሩ ልጅ ሙዝ የማያገኘው። ግን ደንበኞቹ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያምራቸው፣ ስማቸውን እንኳ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ዝም አለ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ሽማግሌ ስም አልጠየቅኩም።

እማማ አባል የሆኑት በአሥር ወር ከፍለው ነው። እኔ ልክፈልልዎ ብላቸው ተቆጡ። "ባለቤት በሰው ገንዘብ አይኮንም" አሉኝ። እኔ በአንዴ ከፈልኩ፤ እቁብ ደርሶኝ ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ 4 ቁጥሩን ይዛችሁ ዩክሊድ ላይ ውረዱ። ኪው ላይን በሚባለው የከተማ ባቡር ከመጣችሁ ግራንድ ቡሌቫርድ የመጨረሻው ፌርማታ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ትንሽ በእግር ነው። ጎመን የምትገዙ ከሆነ እማማ "መጀመሪያ ገልብጠው ይዩት በያቸው" ብለዋል። እሳቸው በጭስ በደረቀ የተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ሥጋ ሁለት ሰዓት ይቀቅሉታል። እኔ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ በሃያ ደቂቃ አወርደዋለሁ። ሐሙስ ማታ ሁለቱም ድስት ምድጃው ላይ ነው፤ ከእሳቸው ድስት እኔ እበላለሁ፣ ከኔው ደግሞ እሳቸው።